ባሌ ሀያት ጣሪያ ላይ

ሰኞ

ላቤ ነጩ ቀሚስ ላይ ጠብ አለ። የሙሽራ ቀሚስ! በእርጥብ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ጠረግሁት፤ ለቀቀ፣ ተመስገን።

ይቺ የስፌት ክፍሌ ከቀትር በኋላ ምድጃ ናት። ስናሠራት ያሰብነው ብርዱን ብቻ ነበር፤ የደብረ ታቦር ሰው ስለ ሙቀት መቼ ያስባል? ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ በር፣ መስኮት የላትም። ክረምት ላይ የምኮራባት ክፍል መጋቢት ሲገባ ጠላቴ ትሆናለች።

በሩን ከፈትኩ፤ የባጃጅ አቧራ ጨርቄ ላይ ሰፈረ። እርጥብ አንሶላ በሩ ላይ ሰቀልኩ፤ ጥቂት ደህና ሆነና ቤቱ በወበቅ ታፈነ። ቬንትሌተር ከጎረቤት ተዋስኩ፤ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ፊቴ ላይ ይነፋዋል።

አንዲት የድሮ ደንበኛዬ ጨርቅ ይዛ በደጄ አለፈች። የምትሄደው ሀያት ጋ ነው። ሀያት ከቆላው፣ ከእብናት የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብላ ተከራይታለች። ሴትዮዋ እንዳየኋት ስታውቅ አፈረች። "እዚያ ትንሽ ይነፍሳል" አለችኝ።

ይንፈስላት።

ማክሰኞ

ባሌን ሀያት ጣሪያ ላይ አየሁት።

ጌታሁን አናጢ ነው፤ ጣሪያ ላይ መውጣቱ አይገርምም። ጠዋት "ሥራ አለኝ" ብሎኝ ነው የወጣው። የት እንደሆነ አልነገረኝም። ክር ልገዛ ስወጣ የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ቀና ብል እሱ ነው፤ ቆርቆሮውን ፀሐይ እንዳያግለው የማሽላ አገዳ እየደረደረ በሽቦ ያስራል። እሷ ከታች ሆና ሽቦ ታቀብለዋለች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ እሱ ግን ሳቀ።

የእኔን ጣሪያ "በሚቀጥለው ሳምንት" እያለኝ ሁለት በጋ አልፏል።

ማታ ጠየቅሁት። "የት ዋልክ?"

"ሥራ።"

"የት?"

"እዚሁ ሰፈር።"

ስሟን አልጠራም። ሽሮው ላይ ጨው አብዝቼበት ነበር፤ ያንንም ጠርጎ በላው። ይኼ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ረቡዕ

የዛሬውን ሳልጽፈው አላድርም።

ሙሽራዋ ትርሲት ከእናቷ ከእትዬ ደስታ ጋር ልትለካ መጣች። የከሰሉ ካውያ እዚያው ክፍል ውስጥ ይግላል። ወገቧን በመርፌ እያስያዝኩ ሳለ "ውቤ፣ ጨለመብኝ" አለችና እጄ ላይ ተዝለፈለፈች። ከእናቷ ጋር ተሸክመን ወደ ውጭ አወጣናት፣ ውሃ ረጨንባት። ዓይኗን ስትገልጥ ነው እኔም የተነፈስኩት።

እትዬ ደስታ ግን አልማሩኝም። "ልጄን በሠርጓ ሰሞን ልትገድያት ነው? አምጪ ቀሚሱን!"

"እትዬ፣ የቀረው ጥልፉ ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ።"

"ሀያት ትጨርሰዋለች።"

መርፌው እንኳ ሳይነቀል ጠቅልለው ወሰዱት። ጥልፉን የጀመርኩት ጾሙ ሲገባ ነው። መጀመሪያ ደንበኞቼ፣ ከዚያ ባሌ፣ አሁን ደግሞ የእጄ ሥራ። ሁሉም ወደዚያች ቤት ነው የሚሄደው።

ሐሙስ

ሀያት ቤት ሄድኩ። የምናገረውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር።

ስገባ ቅዝቃዜው ፊቴን ዳበሰኝና ግማሹ ጠፋብኝ። ከጣሪያው ሥር የማዳበሪያ ኮርኒስ ተወጥሯል። ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። ፀሐይ በሚመታው በኩል ዳስ ተጥሏል፤ ካውያዋን እዚያ ውጭ አስቀምጣለች። ካውያን ማውጣት! ይኼን ለማሰብ እብናት ማደግ ያስፈልጋል?

ቀሚሱ እንደመጣ ተሰቅሏል።

"ሥራዬንም ባሌንም ወሰድሽብኝ" አልኳት።

መቀሷን አስቀመጠች። "ቀሚሱን አልነካሁትም። ይኼን ጥልፍ እኔ ብሞክረው አበላሸዋለሁ፤ ለእናቲቱም ነግሬያቸዋለሁ። ባልሽን ለሥራ ጠራሁት፣ ሠራልኝ፣ ከፈልኩት። እኔ ልጆቼን ላሳድግ ነው የመጣሁት እህቴ።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም አልቀረልኝም።

ቆይታ "እዚሁ ሆነሽ ጨርሺው" አለችኝ።

እምቢ ልል ነበር። ግን ሠርጉ ፋሲካ እንዳለፈ ነው። ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ደረቅ ሆነው፣ መርፌው ሳያዳልጠኝ፣ እስኪመሽ ሠራሁ። ምቾቱ ራሱ አናደደኝ።

ዓርብ

ቀሚሱ አለቀ! ትርሲት ለብሳው ዞረች፤ እትዬ ደስታ ጉንጬን ስመው "እጅሽ ይባረክ" አሉኝ። የረቡዑን ነገር ሁለታችንም አላነሳንም።

ማታ ጌታሁንን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። "የእሷን ለምን አስቀደምክ?"

መዶሻውን አንስቶ አገላበጠ። "እዚያ ስሠራ ያመሰግኑኛል" አለ። "እዚህ አንድ ሚስማር ስመታ፣ ጠመመ ትያለሽ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ይኖራል ውቤ?"

ግማሹን አመንኩት። የሚስማሩን ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አመንኩት። እላለሁ፤ ምን ይደረግ፣ ይጣመማል።

ቅዳሜ

ሳልጠይቀው አገዳና ማዳበሪያ በጋሪ አስጭኖ መጣ። ጨርቄን ሁሉ ወደ ዋናው ቤት አጋዝኩ። መሰላሉን ያዝኩለት፣ ሽቦ አቀበልኩት፤ ኮርኒሱንም አብረን ወጠርነው። በፀሐይ በኩል ከጣለልኝ ዳስ ምሰሶዎች አንዱ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። ግድግዳው ሲበሳ ነፋሱ ሽው ብሎ ገባ፣ ሁለታችንም እኩል ሳቅን። ካውያዬ ከእንግዲህ ዳሱ ሥር ነው።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራ ባይኖረኝም ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ቅዝቃዜዋን ለማጣጣም ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ሀያት ልጆቿን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ጌታሁን አገዳውን እንዴት ሁለት እጥፍ እንዳደረገው አስረዳት። ያወሩት ስለ ጣሪያ ብቻ ነው። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ፤ ነውር ያለባት አንድም አላገኘሁም። ፈልጌ ነበር።

እሱ ሲወጣ ሀያት ቀና ብላ ኮርኒሱን ብዙ አየችው። በእጇም ነካችው።

"ከእኔ አስበልጦ ሠራልሽ" አለች።

ፊቷን አየሁት። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ውስጥ የማየው ፊት ነበር። በጣሪያው ይሁን በሠሪው የቀናችው፣ አልለየሁም። እንድትቀመጥ ወንበር ሳብኩላት።