የጭልሞ ቀፎና የዋቢዎቹ ዝርዝር

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

የጆርናሉ አዘጋጆች መልሰው ላኩት። ጭልሞ ጫካ ጥበቃ ላይ ኖሬ፣ ከጡረታ ወዲህ ሦስት ዓመት የደከምሁበትን፣ ስለ ዛፍ ላይ ቀፎዎች የጻፍሁትን ጥናት። ይዘቱን ወደውታል። ዋቢ አጠቃቀሜ ግን የጆርናሉን ሥርዓት አልተከተለም አሉ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ አይወጣም።

ሥርዓታቸውን አነበብሁ። የአባት ስም ይቅደም፣ የራስ ስም በአንድ ፊደል ይጠቆም። የደከመው ልጁ፣ የሚጠራው አባቱ።

ማክሰኞ

ጫልቱ መጣች። የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ለአምስት ዋቢ ግማሽ ቀን ፈጀን። እዚህ ኮማ፣ እዚያ ነጥብ። ኮማ ለንብ ምን ይፈይዳል? ቢሆንም አስተካከልን። አምስቱንም ከዳር እስከ ዳር አንብቤአቸዋለሁ። ሁለቱን ፍለጋ ባኮ ድረስ ሄጃለሁ።

ረቡዕ

ጫልቱ አትማ አመጣች። አምስቱ ዋቢ አሥራ ስድስት ሆኗል።

ምንድን ነው ብላት፣ ዝርዝሩ አጠረብኝ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው አለች። አንብበሻቸዋል? አላነበበችም። እኔም አላነበብሁም። ሳይበሉ ማግሣት! አሥራ አንዱንም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝሁ፤ ሌባም አልኋት።

ፊቷ ተለወጠ። ወደ ምሥራቅ የዞረ ቀፎ ቶሎ ንብ ይገባበታል ያልሁትን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። በዓይኔ አይቼ አልሁ።

«የእርስዎ ዓይን ስንተኛው ገጽ ላይ ነው፣ አባባ?» ብላ ወጣች።

ባለጌ።

ሐሙስ

የድሮ ደብተሮቼን ከጆንያ ገለበጥሁ። ረፋዱ ላይ አገኘሁት፤ የራሴ እጅ ጽሑፍ ነው፦ ኦቦ ደበላ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ የዞረ ቶሎ ይያዛል አሉኝ።

አሉኝ። አላየሁም። የሰው ቃል ስንት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ዓይኔ መሰለኝ። ያቺን ልጅ ሌባ ያልሁበትን አፌን ተጸየፍሁት።

ሚኒባስ ይዤ ሽማግሌው ንብ አርቢ ዘንድ ጊንጪ ወረድሁ። ኦቦ ደበላ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። ቃልዎን የራሴ አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ ስምዎን ላስገባ አልኋቸው። ሳቁ።

«ስህተት ከሆነስ፣ ገመቹ? ስድቡ ለእኔ ሊሆን ነው?»

እሳቸውም ከሚስታቸው እናት ከአያንቱ ነው የሰሙት። እሷንም ጻፋት አሉኝ።

ዓርብ

ጫልቱን አስጠራሁ። ይቅርታ ማለት አልሆነልኝም፤ ደብተሩን ከፍቼ ሰጠኋት። አነበበች። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ኮምፒውተሯን ከፈተች።

የደበላን አባት ማን ልበል አለችኝ። የአባታቸውን ስም አልነገሩኝም፣ ደበላ ብለሽ ጀምሪ አልሁ። የአያንቱንም እንዲሁ።

«ይመልሱታል፣ አባባ።»

ይመልሱት። በአምስቱ ላይ ሥርዓታቸውን ኮማቸው ሳይቀር ጠብቄላቸዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላክነው።

ጓሮ ሁለት ባዶ ቀፎ አለኝ። አንዱን ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ምዕራብ አዙሬ ሰቀልሁ። እስካሁን ሁለቱም ባዶ ናቸው።