በማማ ካዲ የካሳቫ ማሳ ስለተቆፈሩት ሦስት ጉድጓዶች

ለክቡር ቡዋና ንዴግዋ
የባሕር ዳርቻው የፋይበር መስመር ጥገና ሥራ አስኪያጅ
ኪሊፊ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እርስዎም፣ የተከበሩት ባለቤትዎም፣ በናይሮቢ የሚማሩት ልጆችዎም ደህና ሆናችሁ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። እኔ ዳማ ምዋሪንጋ፣ አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ዳርቻ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ስቀጥል የኖርኩ ቴክኒሻን፣ ከቅናት በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። ስለ ቅናቴም የማመሰግነው እርስዎን ነው።

አንደኛ፤ አዲሱን የፋይበር መበየጃ ማሽን ለባልደረባዬ ለቻሮ ባያ ስለሰጡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቻሮ ከእኔ አምስት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ፣ ክር ልጦ መቁረጥን ከእኔ እጅ የተማረ ሰው ነው። የእሱ ማሽን ሁለቱን ክሮች አገናኝቶ በስምንት ሰከንድ ይበይዳል። የእኔው ጎኑን በመዳፌ ካልመታሁት አይነሳም፤ በዚህም ክንዴ ስለጠነከረ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፤ የቻሮን ፎቶግራፍ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ፣ ልክ የመግቢያ ሰዓት ከምንፈርምበት መዝገብ በላይ ስላሰቀሉልኝ አመሰግናለሁ። ጠዋት ጠዋት ስሜን ስጽፍ ጥርሱን እቆጥራለሁ። ሙሉ ናቸው።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ረዘም ይላል፤ ክቡርነትዎ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

በሚያዝያው ዝናብ ከኪሊፊ ወደ ማሊንዲ የሚሄደው መስመር በተቋረጠ ዕለት፣ በሥራ ድልድሉ ላይ «መሪ፦ ቻሮ ባያ፤ ረዳት፦ ዳማ ምዋሪንጋ» ብለው በገዛ እጅዎ ጽፈው ነበር። የረዳትነቴም ሥራ አዲሱ ማሽን ዝናብ እንዳይነካው ዣንጥላ መያዝ ሆነ። ቻሮ መለኪያውን ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ ብርሃን ላከበት፤ መለኪያውም ክሩ የተበጠሰው ከጣቢያው አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ላይ ነው አለ። ቻሮ መንገዱን ለክቶ ሄደ፤ ቁጥሩ የገበሬዋ የማማ ካዲ የካሳቫ ማሳ ውስጥ አወረደው፤ ቁፋሮም ተጀመረ።

ነገር ግን፣ ክቡርነትዎ፣ መለኪያው የሚቆጥረው የክሩን ርዝመት እንጂ የመንገዱን አይደለም። ከማሳው በፊት ያለው ድልድይ ሲሰፋ ሦስት መቶ ሜትር ትርፍ ኬብል ጠቅልዬ ድልድዩ አጠገብ ካለው የኬብል ማንሆል ጉድጓድ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በካርታው ላይ እንዲገባም ሦስት ጊዜ አመልክቼ፣ ካርታው ንጹሕ ሆኖ ቢቆይ ይሻላል የሚል መልስ ከእርስዎ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ብልሽቱ ያለው ሦስት መቶ ሜትር ወደ ኋላ፣ ድልድዩ ጋ መሆኑን የመጀመሪያው ዶማ ሳይነሳ አውቄ ነበር።

አልተናገርኩም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ዣንጥላዬን ይዤ ቆምኩ። አንደኛው ጉድጓድ ውሃ ሞላ። ሁለተኛው ተናደ። ሦስተኛው ላይ ማማ ካዲ ከቤቷ ወጥታ፣ «እናንተ ልጆች፣ የምትፈልጉት መስመራችሁን ነው ወይስ ካሳቫዬን?» ስትል ሳቄን በግድ ዋጥኩት። ቻሮ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በአሥራ ስድስት ዓመት እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ምቤዩ በሞተር ብስክሌት መጣች። ገና ሳትወርድ፣ «መቼ ነው የሚመለሰው?» ብላ ጮኸች። «ምጥ የያዛት ሴት አለችኝ፤ ልጁ በአግድም ነው የተኛው። የአልትራሳውንድ ምስሉን ሞምባሳ ላለው ሐኪም ልኬ አምቡላንስ ማስመጣት አለብኝ፤ ስልኩም አብሮ ጠፍቷል!»

ቻሮ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ፣ «እህቴ፣ ምን ልበልሽ፣ አላገኘሁትም» አላት።

ዣንጥላውን ጣልኩት። «ቻሮ፣ እዚህ አይደለም፤ ድልድዩ ጋ ነው» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

አየኝና ዶማውን አንስቶ ሮጠ፤ ተከተልኩት። ኬብሉን ለውሃ ቧንቧ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ቆርጦ፣ አፈር መልሶበት ሄዷል። ቻሮ እየላጠ፣ እኔ እየበየድኩ፣ መስመሩ በአንድ ሰዓት ከሩብ ጊዜ ውስጥ ተመለሰ። ሐኪሙ ምስሉን አየ፤ አምቡላንስ መጣ። እናትየዋም ልጇም ተርፈዋል። ዣንጥላ ይዤ በቆምኩባቸው አራት ሰዓታት ግን እንደሚተርፉ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ከዚያ የቻሮ ሽልማት መጣ። አዳራሹ ውስጥ የፒላው ሩዝ በልተን ከጨረስን በኋላ ክቡርነትዎ ስለ ቻሮ ብልሃት ሲናገሩ፣ እሱ ብድግ ብሎ፣ «ቦታውን ያገኘችው ዳማ ናት» አለ። እርስዎም ትከሻውን አቅፈው፣ «ይህን ትሕትና ተመልከቱ! መሪ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። በእኔ ስም የተነገረውን አንድ እውነት እንኳ ለእሱ ስለጨመሩለት እጅ ነሥቻለሁ።

ዝምታዬን ግን ቻሮ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም። ክቡርነትዎ፣ ከማሽኑም ከፎቶግራፉም ይልቅ የምቀናው በዚህ ነው። ማሽኑን እርስዎ ሰጡት፤ ይህን ግን ማንም አልሰጠውም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ዝም እንደማልል አውቃለሁ።

ስለዚህ ሽልማት አልለምንም። በዚያ ዕለት ሪፖርት ላይ ሁለት መስመር እንዲጨመር ብቻ አመለክታለሁ፦ ቦታውን ያወቀችው ዳማ ምዋሪንጋ ናት፤ አውቃም ለአራት ሰዓታት ዝም ብላለች። ሁለቱ አብረው ይጻፉ፤ አንዱ ብቻ ከተጻፈ አልፈርምም።

ቅጣቴን በአክብሮት የምጠብቅ፣ በደግነትዎ ክንደ ብርቱ የሆንኩ፣ የሁልጊዜ ታዛዥዎ፣

ዳማ ምዋሪንጋ

ማሳሰቢያ፦ የቢሮዎ ኢንተርኔት ከማክሰኞ ወዲህ ስለሚቆራረጥ ቻሮን ከማሊንዲ እንዳስጠሩት ሰማሁ። እንዳይለፋ። ኬብሉን የተጫነው የወንበርዎ እግር ነው፤ ክቡርነትዎ ከወንበሩ ቢነሱ መስመሩ ይስተካከላል።