አራት መለኪያ

ሐምሌ 10፣ ጧት
ዝናቡ አላባራም። አረሙ ከገብሱ እኩል ቆሟል። ትናንት ከደባርቅ ሁለት ጠርሙስ የአረም መድኃኒት ገዝቼ መጣሁ፤ አንዱ ለራሴ፣ አንዱ ለጎረቤቴ ለወ/ሮ ጥሩ። ይዤላት ብሄድ የመንደራችን ሞላ ቀድሞኛል። ያንኑ ዓይነት ገዝቶላታል፤ ሊረጭላትም ቃል ገብቷል። መርጫ ያለው እሱ ነዋ። ሚስቱን ከፈታ ወዲህ ከደጇ አይጠፋም። ጠርሙሴን በጋቢዬ ሸሽጌ ተመለስኩ። አንተ ታውቃለህ ደብተሬ፣ ባሏ ካረፈ ጀምሮ ማዳበሪያዋን ከመንገድ የምሸከም እኔ ነበርኩ።

ሐምሌ 11፣ ከሰዓት
ሳቀች። በአጥሩ ክፍተት አየሁ። ሞላ የሟች ባሏን የአረቄ መለኪያ ከመደርደሪያ አውርዶ፣ መድኃኒቱን እስከ አፉ ሞልቶ ያሳያታል። ለአንድ መርጫ ውሃ እንዲህ አራት መለኪያ ነው ይላል። "እኔን ግን አንዱም ይጥለኛል፣ ጥሩዬ።" ጥሩዬ ይላታል። እስክታስላት ሳቀች። እኔ አንድ ቀን አስቄያት አላውቅም።

ቤት ገብቼ የራሴን ጠርሙስ አነበብኩ። አራት መለኪያ ይላል፣ እውነት ነው። ከሥሩ ግን በደቃቁ፦ መለኪያ የተባለው የጠርሙሱ ክዳን ነው፤ 20 ሚ.ሊ.። የሟች ሚስቴን የአረቄ መለኪያ ውሃ ሞልቼ በአዲስ ሲሪንጅ ለካሁ። 45። አራቱ 180። መሆን ያለበት 80። ከእጥፍም አለፈ። ገብሷ ያርራል። ነገ ቅ/ሚካኤል ስለሆነ የሚረጨው ከነገ ወዲያ ነው።

ደስ አለኝ። ጻፍኩት እንግዲህ። ሞላ ከደረቀው ማሳ ፊት ቆሞ ሲያፍር ታየኝ።

ሐምሌ 12፣ ከቅዳሴ መልስ
እግዚኦ መሐረነ ሲባል አፌ አልከፈት አለ። እሷ በሴቶቹ በኩል ቆማለች። ያ ገብስ የዓመት ቀለቧ ነው። ቅናት ነው። ስሙን ልጥራው።

ለእሷ ልንገራት? ያም ደስ ሊለኝ ነው። ተውኩት። ሞላን ከደጀ ሰላሙ ውጭ ጠብቄ ለብቻው ነገርኩት። ሳቀብኝ። መለኪያ ምንጊዜም መለኪያ ነው፣ አንተ ቀንተህ ነው አለ። አልዋሸም። ክዳኑንና ሲሪንጁን አውጥቼ ከመንገዱ ዳር ቧንቧ ውሃ ለካሁለት፤ ክዳኑ 20፣ የአረቄው መለኪያ ግን 45 ነው አልኩት። ክዳኑን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ ለካ። ለእሷ እንዳትነግርብኝ አለኝ። እሺ አልኩ። ያን የአረቄ መለኪያ ግን መርዝ ነክቶታል፤ ቢታጠብም ሰው አይጠጣበት፣ ሰብረህ ከውሃ ርቀህ ቅበረው አልኩት።

ሐምሌ 14
ትናንት ተረጨ። በክዳኑ።

ዛሬ በአጥሩ ጠራችኝ። ሮጥኩ ማለት ይቻላል፣ በዚህ ዕድሜዬ። "ሞላ እኮ እንዴት ጠንቃቃ ነው መሰለዎ። ጠብታ አያሳልፍም። እርስዎም ቢጠይቁት ያሳይዎታል።" እሺ አልኩ።

ከዚያ ድምጿ ወረደ። የባሏን መለኪያ ሰብሮባታል፤ ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ አይናገርም። ከባሏ እጅ የቀረላት እሱ ብቻ ነበር። ሞላን በአንድ ቃል መጣል እችል ነበር። ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ጽድቅ አይደለም፤ እሺ ብዬ ስለነበር ነው።

ሚስቴ የተወችልኝ መለኪያ ሁለት ነው። ከውሃ በቀር ያልነካውን አንዱን አጥቤ መስኮቱ ላይ ደፋሁት። ነገ እወስድላታለሁ። በአጥሩ አላቀብላትም። በበሩ እገባለሁ።