ቆጥራ ጨረሰች ወይ?

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለኡላዩክ፤

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚጠናወትሽ ሳል ዘንድሮስ ተወሽ? እንቅልፍ ትተኛለሽ ወይስ አሁንም ኮምፒውተር ላይ እንደተደፋሽ ነው የሚነጋው? እዚያ ያለሽበት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ዛፉ ነፋሱን ይከልላል ስላልሽኝ፣ ብርዱስ አይጎዳትም እያልኩ እጽናናለሁ። እኛ ከአባባ በስተቀር ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው "ስ" ማለት አቅቷት በሳቅ ትገድለናለች። ከደቡብ የመጣችው አዲሷ አስተማሪ እኔ የወለድኳትን ልጅ "እማዬ" ብዬ ስጠራት ሰምታ ግራ ገባት። የሟች እናታችንን ስምና ነፍስ ይዛ የመጣችውን ቃውናቅን ታዲያ ምን ብዬ ልጥራት? አባባም እንደ ድሮው "ባለቤቴ" ነው የሚላት፤ እሷም እንደ ሚስት ትቆጣዋለች።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። እየሸሸሁት ነው እንጂ ብዕር ያነሳሁትስ ለእሱ ነበር። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ሲመልሱት፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ከእንግዲህ በቢላም በመድኃኒትም እንደማይሆን ነግረውሻል። ለእኔ ደግሞ "የሚወደውን አብሉት" አሉኝ። የሚወደው የአጋዘን ሥጋ ነው፤ በሕግ የተከለከለውም እሱ ነው። ዓሣ ስንሰጠው አፍንጫውን ሸብሸብ አድርጎ አይሆንም ይላል። የሱቁን ዶሮማ ሽታውንም አይፈልግ።

ለመንደራችን የተፈቀዱት ጥቂት አጋዘኖች ገና በመኸር ተገድለው እንዳለቁ ታውቂያለሽ። አንድ ብቻ፣ ለታመመ ሰው ብዬ የአደን ፈቃድ የሚሰጠውን ቦርድ ለመንኩ። በረዶው ሲቀልጥ በሚደረገው ስብሰባ ይታያል አሉኝ። እስከዚያ ማን ሊጠብቃቸው? ከባሕሩ ማዶ ካለው መሬት በአውሮፕላን ሥጋ አስመጣሁ፤ ባለቤቴ ሮዳ ቀቅላ መረቁን አቀረበችለት። አንድ ጊዜ ፉት አለና "ይሄ የእኛ አገር ልጅ አይደለም" ብሎ ሳህኑን ገፋው። ከዚያ እንደ ልማዱ "ኡላዩክ ቆጥራ ጨረሰች ወይ?" አለኝ። ይህን ሳይጠይቅ የዋለበት ቀን የለም። የአንቺ የአጋዘን ቆጠራ ሳያልቅ ክልከላው እንደማይነሳ ያውቃልና፣ ሥጋው አምሮት ነው እላለሁ። "ገና ነው አባባ" እለዋለሁ። ሱቅ ስሄድ ደግሞ "እህት ትቆጥራለች፣ ወንድም ይከለክላል፤ ሽማግሌው ጦሙን ያድራል" ይሉኛል። እውነትም የዱር እንስሳት ጠባቂው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የአባባ የድሮ የአደን ጓደኛ ጃይፒቲ በበረዶ ሞተሩ ወደ ኮረብታዎቹ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት አንድ የአጋዘን ጭን ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ደጅ ላይ የተገኘ ሥጋ ከማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ አባባ ያሳደገን እንደዚያ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ መጠየቅ ነው። ብርዱ ላይ ያለ ካፖርት ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ዝም ብዬ ባስገባው፣ ነገ የሌላውን ሰው ሥጋ በምን ዓይኔ እቀማለሁ? በመኸር ልጆቿን ልታበላ ያመጣችውን የአንዲት መበለት ሥጋ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እታለም፣ አንስቼ መሥሪያ ቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆለፍኩበት። ጃይፒቲም ሄጄ ስጠይቀው አልካደም። ጠመንጃውን አስረከበኝና "ያንን የመንግሥት ካፖርት ያወለቅክ ቀን ብቅ በል፤ ሻይ እንጠጣለን" አለኝ።

ቤት ስመለስ አባባ ሁሉንም እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷል። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ በተሻለኝ። "ጠባቂው ሥራውን ሠርቷል። ልጄ ሲመጣ ንገሩኝ" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ወዲህ ከውሃ በቀር የቀመሰው የለም። አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። ቁጥሩን ቀይሪ አልልሽም፤ አንቺም አታደርጊውም፣ እሱም አይወደውም። "ኡላዩክ ጥቂት ናቸው ካለች ጥቂት ናቸው" እያለ ከጠያቂው ሁሉ ጋር የሚሟገትልሽ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር፤ የትናንቱን ግን አልቻልኩትም። ትንሿ እናትሽ አልጋው ጫፍ ላይ ወጥታ "አንተ ሰውዬ፣ ቆጠራው ቢያልቅስ አጋዘኑን በምን ጥርስህ ልትበላ ነው? አንተም የለህ፣ እኔም የለኝ" አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ "ስለ ሥጋው ማን አወራ ባለቤቴ? ልጃችን አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ 'ቆጥሬ ስጨርስ እመጣለሁ' ብላኝ ነው የሄደችው" አላት። ምድጃው ጋ ቆሜ ሰማሁት። ለካ ፀሐይ የማትወጣበትን የጨለማ ወራት ሙሉ "ገና ነው" ስለው፣ ገና አትመጣም እያልኩት ኖሯል።

እታለም፣ ቆጠራሽ ይቆይሽ። ፕሮፌሰሮችሽም ይቆጡ። በስልክ ልነግርሽ ደውዬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን "ደህና ነን" ብዬ ዘጋሁት። አሁንም ነፋሱ አውሮፕላን አላሳርፍ ብሏል። ይህ ደብዳቤ ነፋሱ ሲበርድ ከምትሄደው ነርስ ጋር ይወጣል፤ መቼ እንደሚበርድ ግን አላውቅም። አንቺ ብትነሺም በጊዜ ትደርሺ እንደሆነ አላውቅም። ከእጄ የወጣ ነገር ነው።

ሮዳ በጣም ናፍቀሻታል፤ ጓንትሽን ሰፍታ ጨርሳለች። ጃይፒቲ ለእኔ ሰላምታ ቢነፍገኝም ለአንቺ ግን ሰላም በላት ብሏል። እናትሽ "ልጄን ቶሎ ነይ በላት፣ አለዚያ እቆጣታለሁ" ትላለች። አባባንም ምን ብዬ ልጻፍላት ብዬ ጠየቅሁት። "ደህና ነው በላት። ስትቆጥር እንዳትሳሳት" አለኝ።

ወንድምሽ ኢኑሲቅ
ሚቲማታሊክ፣ ባፊን ደሴት
ጥር 13 ቀን፣ ፀሐይ ሳትመለስ