የእማዬ አውራ ጣት

ጎረቤላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካለሽበት ይድረስሽ፣ እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ብርድ ሲነካሽ የሚያብጠው ጉሮሮሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ሉካስ ደህና ነው? እናቱስ? በየእሁዱ ኬክ ይዘው ይመጣሉ ያልሽኝ እውነት ከሆነ ደግ አማት ገጥመውሻል፤ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ያድራል፣ ላሟም ወልዳለች። እማዬም ደህና ናት። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እንዳዘዝሽኝ ነው የጻፍኳት፤ አንብበሽ ደስ ይበልሽ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ታገኛለሽ። በኮምፒዩተር የተጻፈውና አሻራ ያለበት ስትጠይቂኝ የከረምሽው ነው፤ እሱን ለጠበቃሽ ስጪው። ሁለተኛው ይሄ ነው። ይሄኛውን ለማንም እንዳታስተረጉሚ፤ ለባልሽም ጭምር።

ደውዬ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን በስልክ ገና ሦስት ቃል ሳልናገር ታለቅሺብኛለሽ፣ ከዚያ ሉካስ ስልኩን ይቀበልና «ሰላም ነው? ሰላም ነው?» ይለኛል፤ ከአማርኛ የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም። እንደ ልቤ እናገራለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ አንቺ መርሳት ይሆንልሻል። ሰውዬው ወፍ ሊያይ ነው አንኮበር የመጣው። አንቺ በምትሠሪበት ሎጅ አረፈና ሦስት ቀን ሙሉ ገደሉ አፋፍ ላይ በደረቱ ተኝቶ ያችን ትንሽ ወፍ ሲጠብቅ፣ እማዬ ከላይ መንገድ ላይ ሆና አይታው የሞተ ሰው መስሏት ጮኸች። ከዚያ ወዲያ «የወፉ ሰውዬ» አልነው። ስሙን ስትነግሪያት «ሉቃስማ የእኛ ነው» ብላ ደስ አላት። በዓመቱ የጉብኝት ጥሪ ላከልሽ። ለአንድ ወር ነው አልሽ። እማዬ ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ የአንድ ወር በሶ ቋጠረችልሽ። ልክ የአንድ ወር። እዚያስ በሶ ይጠፋል ወይ ስላት፣ ልጄ ሌላ ሰው የፈጨውን አትወድም አለችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ደውለሽ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ተፈራረምን አልሽ። እኔ እልል አልኩ፣ ሞኝ ስለሆንኩ። እማዬ ግን ስልኩን ተቀብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችሽ፤ «የማንን ጉልበት ስመሽ ነው ያገባሽው?» አንቺ ሳቅሽ። ምን ያስቃል? እዚህ ሙሽራ የእናቷን ጉልበት ሳትስም ከቤት ወጥታ አታውቅም። ያቺ ሳቅሽ ስንት ቀን ቤታችን ውስጥ እንደቆየች እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ የመኖሪያ ፈቃዱ ጣጣ መጣ። በጎብኚነት ገብተሽ ስላገባሽ ፋይልሽ እንደ ሌሎቹ ቀላል እንዳልሆነ፣ ውሳኔ ሳይሰጥሽ ከአገሩ ከወጣሽ ማመልከቻሽ እንደሚሰረዝና ተመልሰሽ መግባትሽ እንደሚያሳስብሽ አስረድተሽኛል። ገብቶኛል። እኔ ደንቆሮ አይደለሁም። እማዬ በሐምሌ ስትታመም፣ ደብረ ብርሃን ሐኪሙ ጉበቷ ነው፣ ወደ ቤት ወስደሽ አስታሚያት ሲለኝ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ነው የደወልኩልሽ። አለቀስሽ። ወረቀቱ እንዳለቀ በማግሥቱ እሳፈራለሁ አልሽ። ያንንም እሺ አልኩ።

በመስከረም ደግሞ ወረቀት ጎደለ አልሽ። ቤት ውስጥ የተወለድሽ ስለሆንሽ የልደት ማስረጃ የለሽም፤ ስለዚህ እናትሽ ልጄ ናት፣ ከዚህ በፊት ባል አላገባችም፣ ይህንን ጋብቻ አውቄ መርቄያለሁ ብላ ትፈርም፣ ፊደል ካልቆጠረች በአሻራዋ፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ዋናው ካልደረሰ ፋይሉ ይዘጋል ተብለሻል። ጋሽ ዘርአ ዳዊትን ታውቂያቸዋለሽ፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት። ጽፈው፣ አትመው፣ የአሻራ ቀለሙን ከነቆርቆሮው አዋሱኝ።

አነበብኩላት። ትራሷን ደግፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ልጄ መሆኗ እውነት ነው አለች። አለማግባቷም እውነት ነው። መርቄያለሁ የምትለዋ ግን ውሸት ናት፤ ጉልበቴን ሳትስም በየት በኩል መረቅኳት? አለች። እጇን ልይዝ ስል አውራ ጣቷን በአራቱ ጣቶቿ ውስጥ ደበቀችው። እንደ ሕፃን! ጨብጣ፣ ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ ሳቀችብኝ።

ሁለተኛም ሞከርኩ። ሦስተኛም። ቆርቆሮውን ባየች ቁጥር ጣቷን ትደብቃለች። በመጨረሻ አባ ወልደተንሣኤን ለመንኩ። የነፍስ አባቷን እንቢ አትልም ብዬ ነው። ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ለልጅሽ ኑሮ ነው፣ ኃጢአት የለበትም፣ አስነኪላት አሏት። እሷ ምን እንዳለቻቸው ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ «አባቴ፣ ወረቀቱ ከጎደላት ትመጣለች።» አባ ከወንበራቸው ተነሡ። መስቀል አሳልመዋት ሄዱ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። እማዬ አልተቀየመችሽም። በአንድ አውራ ጣት ይዛሽ ነበር።

ይህንኑ በስልክ ስነግርሽ ያልሽኝን አስታውሺ። ካልሆነልሽ እኔ ላስታውስሽ። «ስትተኛ ጠብቀሽ አስነኪያት፣ ምን ይጎዳታል?» አልሽኝ። ደግሞም ወረቀቱ እስኪያልቅ ክፉ ወሬ እንዳትነግሪኝ፣ ቃለ መጠይቅ አለብኝ፣ ልቤ አይችልም፣ ማይልኝ አልሽ። የባሰ ነገር ቢመጣስ? ብዬ ጠየቅኩሽ። ከኋላሽ የሰሐን ድምፅ ይሰማኛል፤ እራት እያቀረባችሁ ነበር። ከዚያ «ቢመጣም» አልሽ። ማልኩልሽ። ድሮ እትዬ እልሽ ነበር፤ ከዚያች ቀን በኋላ አፌ እንቢ አለኝ።

አሁን የእኔን ኃጢአት ልንገርሽ፤ አንቺን ብቻ ስከስስ እንዳልውል። የኅዳር ሚካኤል ሳምንት እማዬ እህል ማለት ተወች። ውሃ በማንኪያ ነው። ተናደድኩ፣ በእሷም በአንቺም፤ አራት ወር ሙሉ ያጠብኳት፣ ያገላበጥኳት እኔ፣ የምትጠራው ስም ግን ያንቺ። እናም ዋሸኋት። ለሚካኤል ትደርሳለች፣ ተሳፍራለች፣ አሁን ይቺን ወረቀት አስነኪና እንገላገል አልኳት። አየሽ ብልጠቴን? እማዬ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ከመጣች ወረቀት ምን ይሠራላታል?» አለች።

ግን አመነችኝ። ራሷን አጠብኳት፣ ቅቤ ቀባኋት፣ ያንን አንቺ የገዛሽላትን ጥልፍ ቀሚስ አለበስኳት። አልጋሽንም አስነጠፈችኝ። የሚካኤል ዕለት ከጠዋት ጀምሮ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ጡሩምባ በሰማች ቁጥር እሷ ናት ትለኛለች። አይደለችም እላለሁ። ደግሞ ሌላው ይመጣል። ስድስት ሰዓት ግድም ታቦቱ ዞሮ ሲገባ እልልታው ቀለጠ፤ ቤት ድረስ ነው የሚሰማው። «ለእሷ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ደርሳለች፣ ደጅ ጫማዋን እያወለቀች ነው አልኳት።

ያን ጊዜ ብርድ ልብሱን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ ጉልበቷን አወጣች። ሁለቱንም። አጥንት ብቻ ነው የቀሩት። ምን ላድርግ? ወደ በሩ ሄድኩና ነጠላዬን ተከናንቤ ተመለስኩ። ዓይኗ ደክሟል፣ ከሰው ጥላው ብቻ ነው የሚታያት። ተንበርክኬ ሳምኩላት፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። እጇን አናቴ ላይ አሳረፈች። እንደጨበጠች ነበር፤ ያኔም አውራ ጣቷን አልለቀቀችም። እና መረቀችሽ። ረጅም ምርቃት ነው የመረቀችሽ፣ ትንፋሽ እያጠራት። አሜን ያልኩልሽ እኔ ነኝ። ስትጨርስ ተኛች።

አንቺ ደግሞ ስትተኛ ጠብቂ ብለሽኝ የለ? ጠበቅኩ። ማንንም ሳልጠራ በፊት ቆርቆሮውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ትንሿ ቀላል ነበረች፤ የመሐሏ እንቢ አለችኝ፣ ልሰብራት ሁሉ ፈራሁ። አውራ ጣቷን አወጣሁና ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አስነካሁ። አልነቃችም። በግራ በኩል ትንሽ የተንሸራተተ ታገኚዋለሽ፤ እጇ ከብዶኝ ነው። ጠበቃሽ ከጠየቀሽ አሮጊት ናት፣ እጇ አይጸናም በይው።

ጋሽ ዘርአ ዳዊት በምስክርነት ሊፈርሙ ሲሉ መቼ አስነካሻት አሉኝ። ሚካኤል ዕለት፣ ተኝታ፣ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አዩኝ። ፈረሙ፤ ቆርቆሮውን ግን አልፈልገውም፣ ጣይው አሉኝ። ያን ዕለት ጎረቤቶቻችን እነ እትዬ ሥርጉት ውሃ አሙቀው ሲገቡ እኔ ቀለሙን በነጠላዬ ጫፍ እየፈተግኩ ነበር። ተይው፣ እኛ ስናጥባት ይለቅቃል አሉኝ። አልለቀቀም። አውራ ጣቷ ሰማያዊ እንደሆነ ሄደ።

ለምን አደረግሽው ብትይኝ፣ ላንቺ አዝኜ አይምሰልሽ። ጨክኜ ነው። ወረቀትሽ ሞልቶልሽ፣ ምንም ሳይጎድልሽ፣ ወደዚህ የሚጎትትሽ አንድም ነገር ሳይኖር እዚያው እንድትኖሪ ብዬ ነው። ፎርምሽ ላይ እናት በሕይወት አለች የሚለው ጋ ምልክት አድርገሻል አይደል? እንዳትነኪው። እኔ ምያለሁ፣ ቃሌን እጠብቃለሁ፤ እማዬ ደህና ናት። አይበርዳትም፣ አያማትም፣ የሚኒባስ ጡሩምባም አትሰማም።

ታኅሣሥ 21፣ የማርያም ዕለት፣ ቤት ውስጥ እንግዳ አለብን። አባም ካህናቱም ይመጣሉ፣ ከመዘዞና ከሰላ ድንጋይ ዘመዶችም። ጌሾው ተወቅጧል። ጾም ስለሆነ ወጡ ሽሮና ምስር ነው። የምን ድግስ ነው ብለሽ እንዳትደውዪ። ከፈለግሽ ከሚካኤል ጀምረሽ ቀኑን በጣትሽ ቁጠሪው።

በተረፈ ፈቃድሽን ፈጣሪ በቶሎ ያስጨርስልሽ። ትዳርሽን ይባርክልሽ፣ ማኅፀንሽን ይክፈትልሽ፣ የምትወልጃትም ልጅ ቅርብሽ ትሁን። ይሄ ከእኔ ነው፣ ከልቤ። እማዬ ምን ብላ እንደመረቀችሽ ግን አልጽፍልሽም። አንድም ቃል። በስልክ ብትለምኚኝ፣ በአካል መጥተሽ ብትንበረከኪ አልነግርሽም። አሻራዋን ልኬልሻለሁ፤ ምርቃቷ እኔ ጋ ይቀራል።

በጉልበቷ ፊት ስላንቺ የተንበረከከችው፣
ታናሽ እህትሽ