ግማሽ ጺም

ሟርተኛው ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? ዓለም እስካሁን ያለቀች አይመስለኝም፤ ፖስታ ቤቱ ክፍት ነው።

እዚህም እንደኛ ከተማ ነው። መብራት ይጠፋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይውላል። ዛሬ ጺሜን ልላጭ አንድ ጸጉር ቤት ገባሁ። ጸጉር ቆራጩ ግራ ጉንጬን ላጭቶ እንደጨረሰ፣ የኔ አፍ መች ያርፋል፣ «መንገዱ ዛሬም ተዘጋ አሉ፤ ዘንድሮስ እንጃ!» አልኩት። ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተና እጁን አጣምሮ ቆመ።

«እዚህ ወንበር ላይ ክፉ ወሬ ያወራ ሰው አንድ ደግ ወሬ ካላመጣ አልጨርስለትም» አለኝ።

የሳቀብኝ እንጂ ያዘነልኝ የለም። ተራ ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ፣ «እኔ ትናንት በግማሽ ጺም ነው ቤቴ የገባሁት፤ ባለቤቴ በር አልከፍትም አለችኝ» አሉ።

ደግ ወሬ ባስብ ባስብ ጠፋብኝ። አረፋው ቀኝ ጉንጬ ላይ ደረቀ። ሲጨንቀኝ አንተን አሳልፌ ሰጠሁህ፦

«ጠዋት ማታ ‹አለቀልን› የሚል ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ግን ለልጁ ጫማ ሁለት ቁጥር አስበልጦ ገዛላት። ለምን ስለው፣ ‹ታድግበታለቻ!› ብሎ ጮኸብኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጸጉር ቆራጩ ብቻ አልሳቀም፤ ምላጩን አወጣና ቀኝ ጉንጬን ጀመረ።

ፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጅቷን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ጫማው ልክ የሆናት ዕለት ሳትውል ሳታድር ጻፍልኝ፤ እዚህ አንድ ጸጉር ቤት ሙሉ ሽማግሌ እየጠበቀ ነው።