የነቀዛችንን ዘረመል ያነበቡት ዶክተር ኦዲሊያ ማታሞሮስ ስለማረፋቸው፣ ስለ ሕያው ነቀዞቹም

የሳን ቤኒቶ ዩኩኑ የበቆሎ ገበሬዎች ማኅበር፣ የጎተራችንን ነቀዝ ዘረመል ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት ዶክተር ኦዲሊያ ማታሞሮስ ታመው በኦአሃካ ከተማ ማረፋቸውን ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። መርዶውን በስልክ የነገሩን እናታቸው ናቸው። የሠሩበት የምርምር ተቋም እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለምን ዝም እንዳለ ማኅበሩ ይጠይቃል።

ዶክተሯ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመጡ አላመንናቸውም። ይህን አንደብቅም። ከከተማ የሚመጣ ሁሉ ዘራችንን ሲፈልግ ነው የኖረው፤ ነቀዝ ስጡኝ ያለ ግን ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ የማኅበሩ ጉባኤ ነቀዙ ሌላ አገር ሄዶ እንዳይራባ በምጣድ ቆልቶ ሰጣቸው። የተቆላ ነቀዝ ደግሞ አይነበብም ኖሯል። ከወራት በኋላ ተመልሰው ምክንያቱን ሲሰሙ፣ "እናንተዬ! ጨው ብቻ ነው እኮ የቀረው!" ብለው ሳቁ። የዘር ጠባቂያችን ዶኛ ቴክላም "ለሚቀጥለው ለቂጣ እንደምንቀቅለው በቆሎ በኖራ እንቀቅልልሽ?" አሏቸው።

በ2017 ከተማሪዎቻቸው ጋር እንደማንኛውም የመንደሩ ሰው ደቦ ወጥተው ለውኃ ቦዩ ድንጋይ ተሸከሙ። ጉባኤው ጆሮ የሰጣቸው ከዚያ ወዲያ ነው። ቃልም ተገባ፦ ሕይወት ያለው ነቀዝ ከመንደሩ አይወጣም። ሕያዎቹ በማኅበሩ ጎተራ በብልቃጥ ይቀመጣሉ፤ ለንባቡ የሚያስፈልገውን እርሳቸው እዚሁ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አባላት እያዩ ይፈጩታል፤ ወደ ከተማ የሚሄደው ጭማቂው ብቻ ነው።

በ2019 ንባቡ አለቀ። ውጤቱን ከሁሉ በፊት የሰማው ጉባኤያችን ነው። ከሱቅ የምንገዛውን ዱቄት መድኃኒት አንዳንዱ ነቀዝ በምን ኃይል እንደሚቋቋመው አስረዱን፤ እኛም መግዛቱን ተውን። በዚህ የተከፋ ነጋዴ እንዳለ እናውቃለን። ይኸው ነቀዝ ከኛ ወገን ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ የአፍሪካን ገበሬ በቆሎና ካሳቫ ትቢያ እንዳደረገበትም ነገሩን። እኛ ስናፍር "እናንተ አልላካችሁትም፤ ሳይታይ ነው የወጣው" አሉን።

በ2021 የሊቀመንበሩ ባለቤት ሲያርፉ፣ በልማዳችን ከቀብር በኋላ በቤት የሚዘረጋው የሐዘን መስቀል እስኪነሣ ዘጠኙንም ቀን ከጸሎቱ አልተለዩም።

አሁን ወደ ነገሩ። ዶክተሯ በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች በመኪና መጥተው "ሕያው ነቀዞቹን እንድንወስድ ተስማምተው ነበር" አሉ። ማን ላካችሁ ሲባሉ አንዱ ተቋሙ አለ፣ ሌላው የትኛው እንደሆነ ሳይገልጽ ድርጅቱ አለ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ወደ ዶኛ ቴክላ ዞረው "እማማ፣ ነቀዝ እኮ ነው! ምን ያንገበግብዎታል?" አሉ።

"ነቀዝ ብቻ ከሆነማ ይህን ሁሉ ነዳጅ አቃጥለህ ምን አመጣህ፣ ልጄ?"

ይሁን እንጂ ከአባላትም "ዶክተሯ ቃል ገብተውላቸው ቢሆንስ? የሞተ ሰው አይጠየቅ" ያሉ ነበሩ። ነገሩ ቀላል አይደለም። ሰዎቹ እውነት ከተናገሩ ዶክተሯ ሸጠውናል ማለት ነው፤ ማኅበሩም ይህን መግለጫ ባላወጣ ነበር። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ራሱ ከተማ ወርዶ እናታቸውን ዶኛ ሬፉጂያን ጠየቀ። እንዲህ አሉ፦ "አልጋ ላይ ሆና እንኳ ስልክ እየደወሉ ያስቸግሯት ነበር። 'የኔ አይደለም፣ የሰው ነው፤ ሄዳችሁ ጉባኤውን ጠይቁ' ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናንተም ጠረጠራችኋት እንዴ?"

ሊቀመንበሩ ይህን ይዞ ወደ ጉባኤው ተመለሰ።

ጉባኤው ወስኗል፦ አንድም ብልቃጥ ከጎተራው አይወጣም። ተቋሙ የሚለው ካለው ሰው ልኮ፣ በግልጽ፣ ጉባኤ ፊት ይናገር።

ማኅበሩ ለዶኛ ሬፉጂያ፣ ለዶክተሯ ወንድምና አብረዋቸው ድንጋይ ለተሸከሙ ተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል። መስቀላቸው በሚነሣበት ቀን ለጸሎተኛው የሚሆነውን በቆሎ የምናቀርበው እኛ ነን። ለሁለቱ ሰዎች ግን የምንልከው ማጽናኛ የለም። ቀኑን ሙሉ ጎተራው ደጃፍ ቆመው ሲሟገቱን ውለው፣ ዶክተሯ የት እንደተቀበሩ አንዳቸውም አልጠየቁም።

ኤፒፋኒዮ ሳንታዬስ
የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ በጉባኤው ስም